ቀይ ክር፣ አረንጓዴ ክር

ካዛንቺስ ውስጥ ባለ አንድ የውጭ ድርጅት ግቢ ከጓደኛዬ ጋር የሠራተኞች ምግብ ቤት ስንከፍት፣ ከድስት ቀድመን የገዛነው ክር ነበር። እሷ ክርስቲያን ናት፣ እኔ ሙስሊም። እጀታው ላይ ቀይ ክር የታሰረበት ድስት፣ ጭልፋና ቢላዋ የክርስቲያን ሥጋ ይሠራበታል፤ አረንጓዴ የታሰረበት የሙስሊም። ሥጋውን ከቄራ፣ ጎን ለጎን ካሉ ሁለት ሉካንዳዎች እናመጣለን፤ የአንዱ በር ላይ መስቀል፣ የሌላው በር ላይ ጨረቃና ኮከብ ተስሏል። ክሩን የምታስረው ሁልጊዜ እሷ ናት፤ እኔ ችኩል ስለሆንኩ እንዳልሳሳት ትፈራለች። አንድ ቀን ጭልፋ ተቀላቅሎብን ድስት ሙሉ ወጥ የደፋችውም እሷ እንጂ እኔ አይደለሁም። "ያልተፈቀደልሽን ከማበላሽ ብንከስር ይሻለኛል" አለችኝ።

በዘጠነኛው ዓመታችን አዲስ ሥራ አስኪያጅ ከአውሮፓ መጣች። ወጣት ናት፣ ሰው ታከብራለች፣ ከጥበቃው ጀምሮ ሁሉንም ሰላም ሳትል አታልፍም። ምሳዋን ግን ከቤቷ ይዛ ስለምትመጣ ሆዷ የእኛን ቅመም አይችልም ብለን ተውናት። በሁለተኛው ሳምንት ወጥ ቤት ገብታ ሁለቱን ምድጃና ሁለቱን ክር፣ አዳራሹ ውስጥ ደግሞ ምግብ የሚነሳባቸውን ሁለት ጠረጴዛዎች አየች። የአረንጓዴው ጠረጴዛ ጥግ ላይ ነው። ያን ጥግ የመረጥኩት እኔ ነኝ፤ ለቀትር ሶላት ውዱእ የማደርግበት ቧንቧ እዚያው አጠገቡ ስላለ። እሷ ግን አልጠየቀችኝም።

በማግስቱ ቢሮዋ አስጠራችኝ፣ ብቻዬን። የሚያስተረጉመው አንድ የአስተዳደር ሠራተኛ ነበር።

"እዚህ የሚደርስብዎትን አይቻለሁ ትላለች" አለኝ። "የሙስሊሞቹ ምግብ ጥግ ተገፍቷል፣ ዕቃችሁም እንደሚያረክስ ነገር ተለይቷል። አይፍሩ፣ ከጎንዎ ነን ትላለች።"

ሴትዮዋ ሒጃቤን እያየች አንገቷን በሐዘኔታ ነቀነቀች። ደሜ ፈላ። እኔን? የካዛንቺስ ደላላ ሁሉ ምላሴን ፈርቶ መንገድ የሚቀይርልኝን ሴት?

"ሳይቸግር ጤፍ ብድር በላት" አልኩት። ፈገግ አለ እንጂ አልተረጎመውም።

በሳምንቱ መጨረሻ ደብዳቤ ደረሰን። ከሰኞ ጀምሮ አንድ ድስት፣ አንድ ጠረጴዛ፤ ካልሆነ ውላችን አይታደስም። ጓደኛዬ ደብዳቤውን ይዛ አለቀሰች። ቤቷ ለልማት ፈርሶ ሩቅ ከሄደች ወዲህ ሁለት ታክሲ ይዛ ነው የምትመጣው፤ ከሰፈሩ የቀራት ይህ ወጥ ቤት ብቻ ነው።

"እኔ ጨቆንኩሽ?" አለችኝ። "በቃ፣ እኔ ልውጣና አንቺ ያዢው። አንቺን አይከለክሉሽም።"

"ወይ ፍንክች!" አልኳት። "ከወጣን አብረን ነው የምንወጣው።"

ወደ ቢሮው ተመልሼ ሥጋውን ከየትኛው ሉካንዳ እንደምገዛ ጠየቅሁ። ሴትዮዋ ትንሽ አስባ፣ እኩልነት እንዲኖር ከሁለቱም ግማሽ ግማሽ ገዝታችሁ ቀላቅሉት አለች። አስተርጓሚው ሳቁን በሳል ሸፈነው። እኔም እሺ አልኩ፤ ያዘዝሽውን በዓይንሽ እዪው ብዬ ነው።

ሰኞ ድስት ሙሉ ጥብስ ቀረበ። ሠራተኛው እየመጣ ይጠይቃል፣ ሁለቱም አለበት ይባላል፣ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ሳህኑን መልሶ ይወጣል። የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው ማለት ይኼ ነው። ሁሉም ግቢው አግዳሚ ላይ ተደርድሮ ከኪዮስክ የገዛውን ዳቦና ሙዝ ሲካፈል ዋለ። ጥብሱ ለግቢው ውሾች ሆነ። ጓደኛዬ ሥጋው ሲደፋ ማየት አልቻለችም፤ እኔም የበሰለ ነገር ያስጣልኩ መሰለኝ።

ረቡዕ የጾም ቀን ነው፤ ክር የለም። ሽሮ፣ ምስርና ጎመን ሠርተን በትሪ አቀረብን። የሰኞ ረሃብ ስላልወጣላቸው ነው መሰለኝ፣ አምስት ስድስት እየሆኑ በየትሪው ከበቡ፤ ሙስሊሙ ለክርስቲያኑ ያጎርሳል፣ ክርስቲያኑ ለሙስሊሙ። ሴትዮዋ ይኼኔ ገባች። በሩ ላይ ቆማ ስታይ ቆየችና፣ ዛሬ ምን ተገኘ ብላ አስጠየቀች።

"ሥጋ የለበትማ" አለች ጓደኛዬ።

ትንሽ እንድትቀምስ ጋበዝናት። እጇን ታጥባ መጣች፤ ግን ጭልፋውን ስታይ ቆም አለች። ፊቷ ቀላ።

"ይቅርታ አድርጉልኝና፣ ይኼ ጭልፋ ሥጋ ነክቶ ያውቃል ወይ ትላለች" አለ አስተርጓሚው። "ሥጋ አልበላም፣ ምሳዬንም ከቤት የማመጣው ለዚህ ነው ትላለች።"

ልቤ ዘለለ። እርስዎ ማለቱን እዚያው ረሳሁት።

"ቢነካስ?"

"አልበላበትም።"

"ለምን? ሥጋ የምንበላውን ሰዎች ንቀሽ ነው?"

"በፍጹም! እናንተን ሳይሆን..." ብላ ጀመረችና አቋረጠች። ዓይኗ ከጭልፋው ተነስቶ፣ በወጥ ቤቱ በር በኩል ወደሚታዩት፣ ግድግዳው ላይ ወደተሰቀሉት ድስቶች ሄደ፤ ወደ ቀዩ ክር፣ ከዚያ ወደ አረንጓዴው። ዕድሜዬን ሙሉ የመጨረሻውን ቃል ለማንም ትቼ አላውቅም፤ የዚያን ቀን ግን አፌን ያዝኩ፣ እሷው ትጨርሰው ብዬ።

"ሰኞ ያደረግሁት" አለች በመጨረሻ ቀስ ብላ፣ "የእናንተን ጭልፋ መቀላቀል ነው።"

አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ፤ እሷም አብራ ሳቀች። ጓደኛዬ እንባዋን በሽርጧ ጠርጋ፣ "ጭልፋው የጾም ነው፣ ሥጋ አያውቅም" አለቻትና ትልቅ ጉርሻ አጎረሰቻት። የዚያን ቀን ደስታዬን ልደብቀው አልችልም፤ እስከ ቡልጋሪያ ሰፈር ድረስ ብቻዬን እየሳቅሁ በእግሬ ሄድኩ።

ውላችን ታደሰ። ሥራ አስኪያጇም ምሳ ከቤት ማምጣት ተወች፤ ግድግዳው ላይ አሁን ሦስተኛ ትንሽ ድስት ተሰቅላለች። ነጩን ክር ያሰረችላት ጓደኛዬ ናት፤ እኔ እንዳልሳሳት ትፈራለች።