ጸጥ ያለውን ክፍል የመረጥኩት እኔ ነበርኩ

ሰኞ ጠዋት ትቬይታ ሰፈር እማማ ኢንግሪድ ቤት ስደርስ፣ የምግብ ጠረጴዛቸው ላይ ትልቅ ወረቀት ዘርግተው ጠበቁኝ። የመርከብ ፕላን ነው፤ ክፍሎቹ በየቁጥራቸው ተሥለውበታል።

ነገሩ የሆነው በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ ውስጥ፣ ኦስሎ ከገባሁ ብዙም ሳልቆይ ነው። ኮሙኑ፣ የከተማው አስተዳደር ማለት ነው፣ ቀጥሮኝ ቤት ለቤት እየዞርኩ ሽማግሌዎችንና አሮጊቶችን እረዳ ነበር። እማማ ኢንግሪድ ሰማንያ የተጠጉ፣ ባላቸው የሞቱባቸው ሴት ናቸው። ኖርዌጂያኖች አንቱታውን ትተውታል፤ እኔም በእነሱ ቋንቋ «አንቺ» ነበር የምላቸው። በአማርኛ ግን አፌ እሺ አይለኝም...

ከላያቸው ያለው ቤት ቀኑን ሙሉ ልጆች ይሯሯጡበታል፣ በር ይላተምበታል። እረፍት አጥተው ከስተዋል። ስለዚህ በራይን ወንዝ ላይ የአንድ ሳምንት የመርከብ ጉዞ ሊሄዱ ወሰኑ። ብቻቸውን።

«ዓይኔ ደቃቃውን ጽሑፍ አያነብልኝም። ጸጥ ያለ፣ የሚመች ክፍል ፈልጊልኝ» አሉኝ።

እውነት ለመናገር ደስ አለኝ። ወለል ከመወልወል ይሻላል፤ ደግሞም ሰው አምኖ ሲያማክረኝ የመጀመሪያዬ ነበር። ከኋላ ያሉትን ሞተር አለ ብዬ ሰረዝኩ። ከዳንስ አዳራሹ ሥር ያሉትን ሰረዝኩ። ደረጃው አጠገብ ያሉትንም፣ ሰው ሲወጣ ሲወርድ ይረብሻል ብዬ ሰረዝኩ። መጨረሻ ላይ አንድ ቀረ... ታችኛው ፎቅ፣ የኮሪደሩ ጫፍ። ጎረቤቱ የአንሶላና የፎጣ መጋዘን ነው።

በነጋታው አብረን የጉዞ ወኪሉ ቢሮ ሄድን። እዚያ የምትሠራው ልጅ ፕላኑን አይታ ጣቷን መሃሉ ላይ አሳረፈች።

«ለብቻው ለሚሄድ ሰው መሃል ላይ ያለው አይሻልም? እንግዳ መቀበያው አጠገብ ነው፣ ሰው ያልፋል ያገድማል» አለች።

እማማ ኢንግሪድ ወደ እኔ ዞሩ። «እሱም ጥሩ ነው መሰለኝ... የሰው ድምፅ ይሰማል።»

«የሰው ድምፅ ሸሽተው አይደል እንዴ የሚሄዱት?» አልኳቸው።

እስክሪብቶውን አነሱ። «ያ... ልክ ነሽ» አሉና ፈረሙ። «ያ» በእነሱ ቋንቋ «አዎ» ማለት ነው።

በሄዱ በሁለተኛው ሳምንት አለቃዬ ቤቴ ደወለችልኝ። «ኢንግሪድ ጋ እንዳትሄጂ። ወድቃ አምጥተዋታል፤ እዚህ ሆስፒታል ናት» አለችኝ።

የሆነው እንዲህ ነው። በአራተኛው ቀን ተሳፋሪው በሙሉ ከተማ ሊጎበኝ ወረደ። እሳቸው ደክሟቸው፣ «አትረብሹ» የሚለውን ካርድ በሩ ላይ አንጠልጥለው ክፍላቸው ቀሩ። ከመታጠቢያ ቤት ሲወጡ አዳለጣቸውና ወደቁ። ዳሌያቸው ተሰበረ። ስልኩ ግድግዳው ላይ ነው፣ አይደረስበትም። ተጣሩ። ግድግዳውን በጫማ ደበደቡ... ከግድግዳው ማዶ ያለው አንሶላ ነው። ከጠዋቱ አራት ሰዓት ጀምሮ፣ እራት ላይ አብረዋቸው የሚቀመጡት ሰዎች «ያቺ ሴትዮ ዛሬ የት ቀረች?» እስኪሉ ድረስ ወለሉ ላይ ቆዩ።

ሆስፒታል ስገባ አልጋው ውጧቸዋል። ከበርገን የመጣችው ልጃቸው አጠገባቸው ተቀምጣለች። ፊቷ ቀልቷል።

«ማነው እዚያ ክፍል ያስገባሽ? አሮጊት ሴት ሰው የማያልፍበት ጥግ ውስጥ ብቻዋን የሚወሽቅ ማነው?» እያለች እናቷን ትጠይቃለች።

ሥራዬ ገና የሙከራ ጊዜውን አልጨረሰም። አገር ቤት የእኔን እጅ የሚያዩ ሰዎች አሉ።

እማማ ኢንግሪድ አዩኝ። ረጅም ጊዜ አዩኝ።

«እኔ ነኝ የመረጥኩት» አሉ ቀስ ብለው። «ይቅርብሽ ተብዬ ነበር። እምቢ ያልኩት እኔ ነኝ።»

ልጅቷ ወደ እኔ ዞረች። «አንቺም ይቅርብሽ ብለሻት ነበር?»

«ያ» አልኩ።

በአማርኛ ብጽፋት አንድ ፊደል ናት። ከአፌ ስትወጣ አልከበደችኝም።

እማማ ኢንግሪድ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ከዚያ በኋላ ስለ መርከቡ አንስተውብኝ አያውቁም፤ ስሄድ ስለ አየሩ፣ ስለ ሾርባው፣ ስለ እግራቸው ያወሩኛል። እኔም «ይቅር ይበሉኝ» ልል አስቤ እሄዳለሁ፤ ኮቴን ለብሼ እመለሳለሁ። ወደ ቤታቸው አልተመለሱም። ክረምቱ ሳይወጣ ሳንባቸውን ታመው አረፉ።

ቀብራቸው ላይ ልጅቷ በበረዶው መሃል መጥታ እጄን በሁለት እጆቿ ያዘችው። «እናቴን የመከራት ሰው በመኖሩ እግዜር ይስጥልኝ። ባትሰማሽም አንቺ የምትችይውን አድርገሻል» አለችኝ። እውነቱን ልነግራት አፌን ከፈትኩ... ሌላ ሰው ሊያጽናናት መጣና ሄደች።

ባላደረግኩት ታምቼ አውቃለሁ፤ ባላደረግኩት መመስገን ግን የበለጠ እንደሚያንገበግብ ያወቅኩት እዚያ ቀብር ላይ ነው።