ስምንተኛው ቀን የእኔ፣ አርባኛው የእሱ

ወንድሜ በመስከረም በወባ ሞተ። ሚስቱ ነፍሰ ጡር ነበረች። ልጁን በኅዳር ወለደችው፤ በቀበሌያችን በቁሐር ሚካኤል ሩዙ በሚታጨድበት ሰሞን። ወንድ ነው ሲሉኝ የማደርገው ጠፋኝ። መጀመሪያ የመጣልኝ ሐሳብ፣ ይህን ልጅ ማንም አይነካብኝም የሚል ነበር።

አንድ ሰው ግን ነበረ። ወንድሜ ወረታ ሩዝ መፈልፈያ ቤት ሲሠራ ጓደኛው የነበረ፣ ከሌላ አገር የመጣ ልጅ። እሑድ እሑድ ወንድሜ ከእኛ ጋር ሳይሆን ከእሱ ጋር ነበር። ጣራ ገዳም ለንግሥ ሲወጡም ሁለቱ ናቸው የሚወጡት። ወንድሜ ከመታመሙ በፊት፣ ወንድ ከተወለደ ክርስትና የምታነሣልኝ አንተ ነህ ብሎት ኖሯል። ይህን የሰማሁት ከለቅሶው በኋላ ነው። ያውም ከእሱ አፍ።

በስምንተኛው ቀን ልጁ ሲገረዝ የያዝሁት እኔ ነኝ። አባት ከሌለ አጎት ነው የሚይዝ ተባለ። እግሮቹን ጭኔ ላይ አድርጌ ያዝሁ። ገራዡ ሽማግሌ ምላጩን ሲያነሡ ዓይኔን ጨፈንሁ።

«ክፈት እንጂ! አንተን አይደለም የምገርዘው» አሉኝ። ሴቶቹ ሳቁ።

ጓደኛው ደጅ ቆሞ ነበር። ደጅ በመቆሙ ደስ አለኝ።

በማግሥቱ የንስሐ አባታችን ሊጠይቁን መጡ። ድፍረት አገኘሁና፣

«አባ፣ ክርስትናውንም እኔ ባነሣውስ?» አልኋቸው።

«አንተማ ሥጋው ነህ። ክርስትና ዘመድ ማብዛት ነው። ደግሞ ሟቹ ቃል ሰጥቷል።»

«ግዝረቱስ ታዲያ?»

«ግዝረት ከኦሪት ይዘነው የቆየን ልማድ ነው። ጌታም በስምንተኛው ቀን ተገርዟል። የሚያድነው ግን ጥምቀት ነው።»

«እንግዲያ ለእኔ ልማዱን፣ ለእሱ ድኅነቱን ሰጣችሁ።»

«አየ ልጄ! እንደ እርሻ ድንበር ልትካፈሉት ነው?» ብለው ሳቁ።

ከዚያ ስለ መጀመሪያዎቹ ክርስቲያኖች ነገሩኝ። አይሁድ ነበሩ። ሰንበትን ያከብራሉ፣ መቅደስ ገብተው ይጸልያሉ፣ ልጆቻቸውን ይገርዛሉ። በክርስቶስ ሲያምኑ ከአባቶቻቸው ቤት የወጡ አልመሰላቸውም። ኋላ ሕጉን የማያውቁ፣ ያልተገረዙ አሕዛብ አምነው መጡ። ሐዋርያት ኢየሩሳሌም ተሰብስበው፣ እነዚህን ካልተገረዛችሁ ብለን አናስጨንቃቸው አሉ። ከአይሁድ ወገን ያመኑት አንዳንዶቹ ግን ከፋቸው።

ታሪኩን በስብከት ሰምቼው ነበር። ያን ጊዜ የከፋቸውን ሰዎች፣ ጥፋተኞች ናቸው ብዬ አልፌያቸዋለሁ። አሁን ግን... አሁን ገቡኝ። ከልጅነታቸው ጀምሮ ሕጉን የተሸከሙት እነሱ ናቸው። ትናንት የመጣው ገብቶ እኩል ይቀመጣል። እኔም ከወንድሜ ጋር በአንድ አጎዛ ተኝቼ ነው ያደግሁት። በክረምት ሜዳው በውኃ ሲዋጥ በትከሻው ተሸክሞ ትምህርት ቤት አድርሶኛል። ያ ልጅ ምን ነበረው? ጥቂት እሑዶች።

«የከፋቸው ሰዎች በኋላ ምን ሆኑ?» አልሁ።

«አንዳንዶቹ እሺ አሉ። አንዳንዶቹ እንደተቀየሙ ቀሩ» አሉ አባ።

በአርባኛው ቀን ቤተ ክርስቲያን ሄድን። ቄሱ ልጁን ከውኃው አውጥተው ለወንድሜ ጓደኛ ሰጡት። በነጠላው ተቀበለው። አያያዙን አያውቅበትም፤ ራሱን እንኳ አልደገፈለትም። አየሁ፤ ደግፈው አላልሁትም። ልጁ ሲያለቅስ ደስ አለኝ። ወዲያው ግን ዝም አለ፤ በእሱ ደረት ላይ። ይህ ነው የከፋኝ። እኔ ስይዘው ዝም ብሎልኝ አያውቅም።

ቤት ተመልሰን ምግብ ሲቀርብ መጥቶ ከአጠገቤ ተቀመጠ። ዓይኑ ቀልቷል። ክርስትና ያነሣ ሰው የልጁን አባት የሚጠራበት ስም አለ። ወንድሜን ሊጠራበት በነበረው ስም እኔን ጠራኝ።

«አበልጅ» አለኝ።

ሰው ሁሉ ሰማ። የወንድሜ ሚስት ቀና ብላ አየችን። ቁራሹ በእጄ እንዳለ ቀረ። ቶሎ ባይሆንም «አቤት» አልሁት። መቅናቱን ግን አልተውሁትም።