ከመርዶ በፊት የበላነው ራት

የጓደኛዬ ወንድም ከወሎ የደወለልኝ አረፋ ሊገባ ጥቂት ቀን ሲቀረው ነው። እናታቸው አርፈዋል፣ ተቀብረዋል። እህቱን በስልክ ማርዳት አቅቶታል። በሰው ቤት፣ ማጀት ቆማ፣ ብቻዋን እንዳትሰማ አደራሽን አለኝ። አደራ ደግሞ ከሰማይ የራቀ፣ ከምድር የከበደ ነው።

እሷ እዚህ አማን ከተማ፣ ጀበል አማን የሚባለው ሰፈር፣ አሠሪዎቿ ቤት ትኖራለች። እኔ ጀበል አል-ሁሴን ሰፈር ክፍል ተከራይቼ የሰው ቤት በሰዓት አጸዳለሁ። ማዳሟ ለበዓሉ ኢጃዛ፣ የዕረፍት ቀን፣ ሰጥታት፣ እኔ ቤት ልታድር፣ ያገር ልጆች ጠርተን ራት ልንበላ ከተነጋገርን ቆይተናል። ለኢድ ያሰብነው ድግስ መርዶ ሆኖ አረፈው።

ሳሃብ በሚባለው የፋብሪካ ሰፈር የሚሠሩ ትልቅ ሴት አሉ፤ ሁላችንም እትዬ ነው የምንላቸው። እዚህ ሰው ሲሞትብን የሚያረዱን እሳቸው ናቸው። አማከርኳቸው። በልታ ትስማ አሉ፤ ከሰማች በኋላማ እህል አትቀምስም። ተናደድኩ። እንዴት አድርጌ ነው እየሳቅኩ የማጎርሳት? ሆድሽን ቻል አድርጊው አሉኝ፣ በቃ።

በማግስቱ ምን እንሥራ ብላ ደወለች። እኔና እሷ በምግብ ተስማምተን አናውቅም። እሷ በርበሬ ስትሞጅር፣ እኔ ጨጓራችንን ልትልጪው ነው ብዬ ስጮህባት ነው ዓመቱ የሚያልፈው። መጀመሪያ መንሰፍ እንዳላይ አለች፤ እርጎ የፈሰሰበት ሥጋና ሩዝ ለማዳም እንግዶች ስታቀርብ ከርማ አስጠልቷታል። እሺ አልኳት። ዶሮ ይሠራ፣ እሺ። በርበሬው ጠንከር ይበል፣ እሺ። ከዚያ እናቷ ለአረፋ የሚሠሩትን፣ ቃሪያ የበዛበትን የበግ ቅቅል አነሳች። ኢንሻአላህ አገሬ ስገባ እሷው ትሠራልኛለች፣ እስከዚያ አንቺ ሞክሪው አለች። እሱንም እሺ አልኩ። ወዲያው ማዳም ጠራችኝ ብላ ዘጋችው። እኔ ስልኬን እንደያዝኩ ወለሉ ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።

የአረፋ ዕለት አዲስ ቀሚስ ለብሳ መጣች። እንግዶቹ ቀድመው ገብተዋል፤ ሲስሟት አጥብቀው ያዟት፣ አንዷማ አልለቅ አለቻት። ገላመጥኳቸው። ምግቡ ቀረበ። ቢስሚላህ ልንል ስንል ጓደኛዬ እጇን ከትሪው ሰበሰበች።

«በርበሬ ይብዛ ብዬሽ ሳትሰድቢኝ ቀርተሽ አታውቂም» አለችኝ። «ሁሉን እሺ ስትይኝ ያኔ ገባኝ።»

ለካ ለቀባሪ ልናረዳ ነው የተሰበሰብነው። እትዬ አፋቸውን ሊከፍቱ ሲሉ እጃቸውን ያዘቻቸው።

«አሁን አይንገሩኝ» አለች። «እስክንበላ ድረስ እናቴ ትኑርልኝ።»

ጎረሰች። እኛም ጎረስን። ወላሂ እንደዚያ ቀን ቀስ ብዬ በልቼ አላውቅም። ቅቅሉ ጨው አንሶታል፤ ማንም ትንፍሽ አላለም። እሷ ከመረቁ ደጋግማ ጠጣች። እናቷ ቃሪያውን የሚጨምሩት ሊወጣ ሲል መሆኑን ነገረችኝ፤ ለሚቀጥለው እንዳልረሳ። ትሪው ባዶ ከሆነም በኋላ ጣታችንን እየላስን ተቀመጥን። ለመታጠብ ቀድሞ የሚነሳ ጠፋ።

በመጨረሻ እሷው ተነሳች። እጇን ታጠበች፣ ሻርፗን አስተካከለች፣ መጥታ እትዬ እግር ሥር ቁጭ አለች።

«እሺ እትዬ፣ አሁን ይንገሩኝ።»