የአባዬ ዝግ ያለ ቡጋሉ

ባለፈው ቅዳሜ ልጄ እዚህ ሽሊረን ከተማ ካለው የአሮጌ ዕቃ መሸጫ የሸክላ ማጫወቻ ተሸክማ መጣች። ከካርቶኔ ውስጥ አንዷን ትንሽ ሸክላ አወጣችና መርፌውን አሳረፈችባት። ቤቱን የሞላው ድምፅ ሙዚቃ አይባልም፤ እንቅልፍ የጣለው ሰው ሲያንጎራጉር ነው የሚመስለው። «ማሚ፣ ካፑት ነው» አለችኝ። አልተበላሸም፣ ፍጥነቱ ነው፣ ለትልልቆቹ ሸክላ በሚሆነው ላይ ነው ያለው ልላት አፌን ስከፍት ዕንባዬ ቀደመኝ። የጋለ አቧራ የሚሸተው ያ ማሽን ጄኔቭ መለሰኝ፣ አሥራ ስድስት ዓመቴ ላይ።

ምን ልበልሽ፣ አባዬ አዲስ አበባ እያለ የታወቀ ትራምፔት ተጫዋች ነበር። እኔ ጄኔቭ የማውቀው አባዬ ግን የሆቴል አንሶላ አጣቢ ነው። ትራምፔቱ በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ ቁም ሳጥን ላይ ይኖራል። «እስቲ ተጫወትልን» ስንለው «ከንፈሬ ሞቷል» ይላል፣ አለቀ። እማዬም አንድ ቀን ስለሱ አንስታ አታውቅም፤ ብቻ አቧራውን ትጠርጋለች። አባዬ አንሶላ ሲያጥፍ ግን ሁልጊዜ አንድ ዜማ ያንጎራጉር ነበር። አዲስ አበባ እያለ፣ የአየር መንገድ ሠራተኛ የሆነ ወዳጃቸው ከኒው ዮርክ ካመጣላቸው ሸክላ እሱና የባንዱ ልጆች በጆሯቸው ያጠኑት፣ ቡጋሉ የሚባል የጭፈራ ዘፈን ነው። «ዘፋኙ ግዙፍ ሰውዬ መሆን አለበት፤ ድምፁ ከጉድጓድ ነው የሚወጣው» ይለን ነበር።

ያኔ ፓኪ ሰፈር ባለች አንዲት አዳራሽ ቅዳሜ ከሰዓት ሳልሳ ይጨፈራል። እኔም «ቤተ መጻሕፍት ነኝ» እያልኩ እዚያ ነበርኩ፤ እግዜር ይቅር ይበለኝ። ፒያኖ የሚመቱት አንድ ፖርቶ ሪኳዊ ሽማግሌ ናቸው፣ ነፍሳቸውን ይማርና። በዕረፍት ሰዓት ስለ ልጅነታቸው ያወሩናል። ኒው ዮርክ ውስጥ የወላጆቻቸውን ምት ከጥቁሮቹ ጎረቤቶቻቸው ዘፈን ጋር ቀላቅለው ቡጋሉ ሲሉት፣ ትልልቆቹ ሙዚቀኞች «የልጆች ጨዋታ» ብለው ናቋቸው። እነሱ ግን የሰፈሩን ልጆች ስቱዲዮ ጠርተው እያስጨበጨቡና እያስጮሁ ቀዱት። «ይኸው፣ ይኼን በአሥራ ሰባት ዓመቴ ነው የቀዳሁት» ብለው ጀመሩት። የአባዬ ዜማ! ይሮጣል እንጂ እሱ ራሱ ነው። ያፈጠኑት ጉራቸውን ሲነዙ መሰለኝ።

«አባቴ ያውቀዋል፣ ትራምፔት ተጫዋች ነው» አልኳቸው። የቡድኑ ትራምፔት ተጫዋች ሎዛን ሄዶ ስለነበር ዓይናቸው በራ። አባዬን ሦስት ሳምንት ነዘነዝኩት። መጨረሻ ላይ አንድ ቀን ብርድ ልብሱን ፈታ። ቤት ውስጥ እንዳይለማመድ ጎረቤት አለ፤ ስለዚህ የሆቴሉ ምድር ቤት ወርዶ ማጠቢያዎቹ ሲጮሁ እየጠበቀ ይነፋ ነበር። ከንፈሩ አብጦ፣ ሳሙና ሳሙና እየሸተተ፣ ፊቱ ግን ፈክቶ ይገባል። እንደዚያ አይቼው አላውቅም ነበር።

ቅዳሜ ደረሰ። ነጭ ሸሚዙን ለብሶ መድረክ ላይ ወጣ። ሽማግሌው ቆጠሩ፣ ቡድኑ ነጎደ፣ አባዬ ገባ። ዝግ ብሎ፣ በወፍራሙ። ፒያኖው ወዲያ፣ ትራምፔቱ ወዲህ። አቆሙ። እንደገና ጀመሩ፣ እንደገና ተለያዩ። የኮንጋ ከበሮ የሚመታው ጎረምሳ ሳቀ። ሽማግሌው ግራ ገብቷቸው ከቦርሳቸው ያቺን በልጅነታቸው የቀዷትን ሸክላ አወጡና በአዳራሹ ማጫወቻ ላይ አደረጓት።

አባዬ ዘፈኑን ያን ቀን ነው በትክክል የሰማው። ግዙፉ ሰውዬ ገና ጢም ያላወጣ ልጅ ሆኖ ተገኘ። ለካስ አዲስ አበባ የነበረው ማጫወቻቸው ማርሹ ተበላሽቶ የሚዞረው ለትልልቆቹ ሸክላ በሚሆነው ፍጥነት ብቻ ነው። ይቺ ትንሿ ፈጠን ብላ መዞር ነበረባት። እነሱ መሀሏ ላይ ያለውን ትልቅ ቀዳዳ በቡሽ ደፍነው፣ ብልሃታቸውን አድንቀው፣ ያንን ድምፅ ማታ ማታ ሲያጠኑ ከረሙ። ስንቱ ባለ ትዳር በዚያ ስህተት ተቃቅፎ ጨፍሯል! እኔ ዛሬ እስቃለሁ። ያን ቀን ግን አባዬ ትራምፔቱን በብርድ ልብሱ ጠቅልሎ ማንንም ሳይሰናበት ወጣ።

«ዕድሜዬን ሙሉ ስህተት ስነፋ ኖሬያለሁ» አለኝ ድልድዩን ስንሻገር። ቤት ገብቶ ትራምፔቱን ቁም ሳጥኑ ላይ ሰቀለ። ከእንግዲህ አያወርደውም፣ ያስቀበርኩትም እኔ ነኝ ብዬ ሌሊቱን አለቀስኩ።

በነጋታው እሑድ የቤታችን ደወል ተደወለ። ሽማግሌው ናቸው፣ ትንሽ ኪቦርድ በብብታቸው ይዘው። እማዬ ተደናግጣ አስቀመጠቻቸውና ሻይ ልታፈላ ገባች። ሻይም አልጠበቁ።

«ያንተን አሰማኝ» አሉት አባዬን በዚያ በሚሰባበር ፈረንሳይኛቸው።

«ስህተት ነው እኮ።»

«የኛም ቢሆን ስህተት ነው። ያን ቀን የስቱዲዮው ሰዓት እያለቀ 'ቶሎ በሉ' ብለው አሯሯጡን። እስከ ዛሬ የሚያባርረኝ እንዳለ ሰው ነው የምጫወተው። ትናንት ስትገባ ግን፣ ከመቆማችን በፊት፣ አንድ ነገር ሰማሁ። እስቲ ድገመው።»

አባዬ አየኝ። ወንበር ላይ ወጥቼ ትራምፔቱን አወረድኩለት። ሲጀምር ድምፁ ይሰነጣጠቅ ነበር፣ ቀስ እያለ ሞላ። ሽማግሌው ዓይናቸውን ጨፍነው ቆዩና ጣታቸውን እያዘገዩ ከሥሩ ገቡለት። ዘፈኑ እንደዚያ ሲሄድ ሐዘን ነበረው፣ ደስታም ነበረው። እሑድ ስለሆነ የታችኛው ጎረቤት ይመጣል ብዬ ስሳቀቅ ማንም አልመጣም።

ሲጨርሱ እማዬ በኩሽናው በር ቆማለች፣ እጇ ውሃ ያንጠባጥባል።

«እንኳን ደህና መጣህ» አለች።

ለእንግዳው ከሆነ እንዴት «አንተ» ትላቸዋለች ብዬ ዞር ስል፣ የምታየው አባዬን ነው። ጄኔቭ ከገባን ስድስተኛ ዓመታችን ነበር።