ያላየነው ቁልፍ

ይሄ የደረሰብኝ ባለፈው ዲሴምበር፣ ላስ ቬጋስ ውስጥ ስፕሪንግ ቫሊ በምኖርበት አፓርትመንት ነው። ትዝ ሲለኝ መንገድ ላይ ብቻዬን እስቃለሁ፤ ያየኝ ሰው አብዳለች ሳይለኝ አይቀርም።

ካዚኖ ነው የምሠራው። ያን ሰሞን ሱፐርቫይዘሬ "ከእንግዲህ አንድ ቀን ብታረፍጂ ሥራ የለሽም" ብላኛለች። እናቴ ደግሞ አገር ቤት የምትኖረው ከዚህችው ሥራ በምልክላት ገንዘብ ነው።

ለማታው ሺፍት ልወጣ ስል መብራት ድርግም! ስልኬ ቻርጅ ጨርሷል። ጎረቤቴ ሚስተር ሳም ብቻቸውን የሚኖሩ አይሁዳዊ ሽማግሌ ናቸውና፣ ደህና መሆናቸውን ልይ ብዬ አንኳኳሁ።

ቤታቸው ቦግ ብሏል! የሃኑካ በዓላቸው የመጨረሻ ምሽት ስለነበር ስምንቱም ሻማ መስኮቱ ላይ በርቷል፤ ከፍ ብሎ ደግሞ ዘጠነኛው። "ተመስገን!" ብዬ ስገባ ምንጣፉ አደናቀፈኝና ቦርሳዬ ተዘረገፈ። የመኪናዬ ቁልፍ የት ይግባ!

ጎንበስ ስል "ተይ! ተይ!" አሉ። "በስምንቱ ብርሃን ምንም አይሠራበትም። የአንድ ቀን ዘይት ቤተ መቅደስ ውስጥ ስምንት ቀን የበራበትን ተአምር እያሰቡ ዝም ብሎ ማየት ነው። ለሥራ የተፈቀደው ዘጠነኛው ብቻ ነው።"

ዘጠነኛውን አንስተው ሰጡኝ። የእኔ ነገር፣ አስነጠሰኝና አጠፋሁት።

"ከስምንቱ መለኮስ ክልክል ከሆነ፣ ክብሪቱስ?" አልኳቸው።

"እሱን ለመፈለግም ብርሃን ያስፈልጋል" አሉ፣ ስምንቱ ሻማ ፊታቸው ላይ እያበራ።

አልቅሺ አልቅሺ አለኝ። እሳቸው ግን ረጋ ብለው በዕብራይስጥ ዳዊት መድገም ጀመሩ፣ በቃላቸው። በጨለማ ብርሃን ስለሚሆን አምላክ ነው አሉኝ። እኔም የማውቀውን በአማርኛ አብሬያቸው ደገምኩ፤ ልቤም ትንሽ አረፈ። በዚህ መሀል ቁልፌን አየሁት! ወንበሩ ሥር ያብረቀርቃል። እሳቸውም አይተውታል። ተፋጠጥን።

"አየሽ እንዴ?" አሉኝ።

"ኧረ እኔ ምንም አላየሁም!"

"እኔም።"

ትንሽ አስበው "ጨፍኖ መዳበስን ግን ማንም አልከለከለም" አሉ። ጨፍኜ በእንብርክኬ ስዳብስ ግንባሬ ከጠረጴዛው ጋር ተጋጨ። "ትንሽ ወደ ግራ" አሉኝ። አንድ ዓይኔን ገለጥ አድርጌ ሳያቸው እሳቸውም ጥርቅም አድርገው ጨፍነዋል።

ግንባሬ እንዳበጠ ለሺፍቴ ደረስኩ።

የነገርኳቸው ሁሉ "ዝም ብለሽ አታነሺውም ነበር?" ይሉኛል። እንዴት ላንሳው? እዚህ ከተማ መብራቱ ሁሉ ግቢ፣ ገንዘብ አውጪ፣ ተጫወቺ ነው የሚለው። ከእኔ ምንም የማይፈልግ መብራት ያየሁት ያን ምሽት ነው። ለዘንድሮው ሃኑካ ከሥራ እረፍት ጠይቄያለሁ፤ ሚስተር ሳም ጋ ሄጄ፣ ቁጭ ብዬ፣ ዝም ብዬ ላየው።