አባቴና የጣልያን ስኳር

ሰው ስለ አባቱ ሲያወራ ጀግንነቱን ያስቀድማል። የእኔ ወሬ ግን የአባቴ ጥማት ነው። ጣልያን ቡሬ ገብቶ ሰፈሩን በሠራ በሁለተኛው ዓመት፣ አባቴ አንድ ማሰሮ ውኃ ጨርሰው "ኧረ ባክሽ ውኃ!" የሚሉ ሰው ሆኑ። እናቴ ቀደም ብላ ሞታለች። ባሌ ከአርበኞች ጋር ጫካ ገብቷል። ወደ አባቴ ቤት ተመልሼ ጓዳውን የያዝሁት እኔ ነበርሁ። ቤታችን ከቡሬ የግማሽ ቀን መንገድ ነው።

አባቴ በአገሩ የታወቁ ማር ቆራጭ ነበሩ። ቀፏቸው ከጓሮው አልፎ ወንዙ ዳር ባሉት ዛፎች ሁሉ ላይ ተሰቅሎ ነበር። ደንዳና ሰው ነበሩ፤ ያ ሰውነት በአንድ በጋ ሟሸሸ። ይበላሉ፣ ይበላሉ፤ የሚበሉት የት እንደሚገባ እንጃ! ከቤቱ ጀርባ የሚሸኑበት ድንጋይ ላይ ደግሞ ጉንዳን ይርመሰመስ ጀመር። አየሁት፣ ገረመኝም። ግን የአባት ሽንት ለጎረቤት ይወራል እንዴ?

ጎረቤትማ አፉን መቼ ይዘጋል! አንዱ ቡዳ በልቷቸው ነው ይላል፣ ሌላው መተት ነው ይላል። የነፍስ አባታችን ጠበል አዘዙላቸውና ሁለት ሳምንት ተጠመቁ። መጠመቁን እንጃ፣ በመጠጣቱ ግን ከሳቸው የበረታ አልነበረም። በሰኔ እርሻ ላይ ጉቶ እግራቸውን ወጋቸው። ጥፍር የማታክል ቁስል ነበረች፤ ክረምቱ ወጥቶ መስቀል ሲደርስ አልደረቀችም፣ ጭራሽ መሽተት ጀመረች። ያን ጊዜ ነው የፈራሁ። እግሩ ጠቁሮ የሞተ ሰው አውቃለሁና አባቴን ላጣቸው ነው አልሁ።

ቡሬ ላይ የጣልያን ሐኪም አለ፣ ያገሩንም ሰው ያያል ይባል ነበር። ለአባቴ ብነግራቸው ቱግ አሉ።

"አማቼ ከጣልያን ጋር እየተዋጋ እኔ እግሬን ለጣልያን ላሳይ? ሞቼ ነው!"

እልኸኛ ናቸው። እኔስ የማን ልጅ ነኝ? ማር ልንሸጥ ነው ብዬ በበቅሎ አስቀምጬ ወሰድኋቸው። ገበያው ጥግ ስንደርስ ልጓሙን ወደ ሐኪሙ ቤት አዞርሁት።

"ወዴት ነው?" አሉኝ።

"መዳኛዎ ወዳለበት ነዋ።"

"አንቺ ከሃዲ!" ብለው ጮኹብኝ፣ ገበያተኛው ሁሉ እስኪዞር። ይስደቡኝ፤ ስድብ እግር አይቆርጥም። ጎትቼ አስገባኋቸው።

ሐኪሙ ቁስሉን አየ፣ ትንፋሻቸውን አሸተተ። ከዚያ ሽንታቸውን በብርጭቆ ተቀብሎ ሰማያዊ ውኃ ጨመረበትና እሳት ላይ አሞቀው። ሰማያዊው እያየሁት እንደ ሸክላ ቀላ። ከመረብ ማዶ የመጣ ጨዋ አስተርጓሚ ነበረው፤ እሱ እንዲህ አለን፦

"አባቴ፣ የያዝዎት የስኳር በሽታ ነው። ደምዎ ውስጥ ስኳር በዝቷል። የሚያስታግስ መርፌ አለ፣ እዚህ ግን የለንም፤ እናስመጣለን ይላል። እስከዚያው ስኳር እንዳይቀምሱ። ከቀመሱ ይሞታሉ።"

"ስኳር? እኔ?" አሉና አባቴ ሳቁ።

ስኳር ማለት ያኔ ለእኛ ጣልያን በጆንያ ያመጣው፣ ነጭ አሸዋ የሚመስል ነገር ነው። ሰው ለማላመድ ለሴቱም ለልጁም እየዘገኑ ይሰጡ ነበር፤ አባቴ "ደጄን እንዳይረግጥ!" ብለው ከልክለው ነበር። ወደ ቤት ስንመለስ በቅሎዋ ላይ ሆነው እንደገና ይስቃሉ። "አየሽ፣ ሐኪሙ ልቡ ካርበኞች ጋር ነው! የጣልያንን ነገር አትቅመስ አለኝ እኮ!" እኔም አብሬ ሳቅሁ። የተከለከልነው ፊቱንም የማንነካውን ነገር ነበርና ልቤ ቅልል አለው።

"ታዲያ ሳይቀምሱት እንዴት ደምዎ ገባ?" አልኋቸው።

ትንሽ አሰቡና "ውኃውን በክለውት ይሆናል። ከነሱ ምን የማይመጣ አለ?" አሉ።

ከዚያ ቀን ጀምሬ የወንዙን ውኃ ባዶውን መስጠት ፈራሁ። ማር በጥብጬ ብርዝ አድርጌ እሰጣቸው ጀመር። በአገራችን ማር የማይሽረው ነገር የለም ይባላል፤ ቁስሉንም በማር እሸፍንላቸው ነበር። ታምኑኛላችሁ? ሦስት ወር ሙሉ አልደርቅ ያለው ቁስል በማሩ መድረቅ ጀመረ። ሽታው ጠፋ። እልል አልሁ! የላዩን ያደረቀ የውስጡን ለምን አያድርቅ ብዬ ብርዙን አበዛሁት። ጧት አንድ ዋንጫ፣ ቀትር አንድ ዋንጫ፣ ማታም አንድ ዋንጫ። ለገበያ የሚሆነውን ነጭ ማር ለሳቸው አስቀረሁት።

ስኳሩንማ ጠበቅሁ! ጎረቤታችን አንድ ቀን ለበሽተኛ ይሆናል ብላ ሻይ በስኳር አፍልታ ብትመጣ ከደጅ መለስኋት። "አባቴን ልትገይብኝ ነው?" ብዬ ጮኽሁባት። ምስኪን፣ እያለቀሰች ሄደች። እስከ ሞቷም ይቅርታ አልጠየቅኋትም።

አባቴ ግን ከቀን ወደ ቀን ደከሙ። ጠጅ ሳይቀምሱ አፋቸው ጠጅ ጠጅ ይሸት ጀመር፣ ትንፋሻቸውም ሩጫ የጨረሰ ሰው ትንፋሽ ሆነ። ሁለት ጊዜ ቡሬ ድረስ በእግሬ ሄጄ መርፌውን ጠየቅሁ። አስተርጓሚው በሁለተኛው ጊዜ ፊቴን ማየት አልቻለም። "እህቴ፣ ለነሱም አልደረሳቸውም" አለኝ።

በኅዳር፣ አዲሱ ማር በተቆረጠ በሳምንቱ፣ ቀትር ላይ ብርዝ አሉኝ። ካዲሱ ማር በጠበጥሁላቸው። አንገታቸውን ደግፌ ዋንጫውን ካፋቸው አስጠጋሁላቸው፤ ጨረሱት።

"ተባረኪ ልጄ" አሉኝ። "ካንቺ በቀር ጥሜን የቆረጠልኝ የለም።"

ፀሐይ ሳትጠልቅ ዐረፉ። ማልቀሱን አለቀስሁ፤ ቢሆንም የልጅ ወጉን አድርሻለሁ፣ ያለኝን ሳልሰስት አጠጥቻለሁ እያልሁ ተጽናናሁ። በዚያ መጽናናት ብዙ ዘመን ኖርሁ።

አሁን እኔም አርጅቻለሁ። አምና እግሬ እየደነዘዘ፣ ውኃ ውኃ እያሰኘኝ ሲያስቸግረኝ ልጄ ፍኖተ ሰላም ወስዶ አስመረመረኝ። ጣቴን ወግተው አንዲት ጠብታ ደም አዩና ስኳር ነው አሉኝ። ነርሷ የልጅ ልጄን የምታክል፣ ደግ ልጅ ናት። ይህ በሽታ ዛሬ በዓለም ሁሉ አለ፣ ሀብታም ደሃ አይልም፣ ብቻዎን አይደሉም አለችኝ። ያ ቡሬ ያልደረሰው መርፌም ከማቀዝቀዣ ውስጥ ሲወጣ አየሁት። ቀጥላ የማልነካውን ትነግረኝ ጀመር።

"ስኳር ያለበት ሻይ፣ ለስላሳ፣ ማር..."

"ቆይ! ማር አልሽ?"

"አዎ እማማ። ማርም ያው ነው፣ ደም ውስጥ ሲገባ ስኳር ነው። ብርዝም እንዳይጠጡ።"

ልጄ ደግፎ አስቀመጠኝ። ከዚያ ለማንም ያላወራሁትን፣ ጉንዳኑንም ዋንጫውንም አንድ ሳላስቀር ነገርኋት። እስክሪብቶዋን አስቀምጣ እጄን ያዘችኝ።

"እማማ፣ ያኔ መርፌው ካልነበረ እኮ ማሩን ባይጠጡም መዳናቸው ያጠራጥራል" አለችኝ።

ይሆናል። ለኔ አዝና ነው፣ እውነትም ሊሆን ይችላል። ሰው ሟች ነው፤ መሞታቸውንስ ችዬዋለሁ። እኔ ያልቻልሁት መርቀውኝ መሞታቸውን ነው።