አራት ክበብና አንድ መረብ

ሰፈሩ ሁሉ «ንቢት» ይላታል፤ አንድ ቦታ ስለማትቀመጥ። እናቷ ፀጉር ሠሪ ናት። መኖሪያቸው ከፀጉር ቤቱ ጀርባ ያለችው ክፍል ስለሆነች፣ ልጅቷ ያደገችው በሻምፑ ሽታና በፀጉር ማድረቂያው ካስክ ጩኸት መሃል ነው። ደንበኛ ሲጠፋ ካስኩ ሥር ቁጭ ብላ ታጠናለች። «ጭንቅላቴን ሲያሞቀው ቶሎ ይገባኛል» ትላለች።

አሥራ አንደኛ ክፍል ሳለች አንድ መምህር፣ «ጥሩ ጥሩዎቹ ዩኒቨርሲቲዎች ውጤት ብቻ አያዩም፤ ከትምህርት ውጭ ምን ትሠራላችሁ ብለውም ይጠይቃሉ» አሉ። ንቢት በዚያው ሳምንት ክርክር ክበብ ገባች። አካባቢ ጥበቃ ተከተለ፤ ከዚያ የትምህርት ቤቱ መጽሔት፤ ከዚያ ሙዚቃ። ከልጅነቷ ጀምሮ የምትጫወተው መረብ ኳስም አለ።

እናቷ የደንበኛ ፀጉር እየጠቀለለች፣ «ሁሉ አማረሽን ገበያ አታውጧት አሉ» አለቻት።

«እማ ደግሞ! ለማመልከቻዬ እኮ ነው» ብላ ቦርሳዋን አንጠልጥላ ውልቅ።

አንድ ቅዳሜ የክርክር ውድድሩና የመረብ ኳስ ግጥሚያው አንድ ላይ ዋሉ። ሁለቱም ላይ እደርሳለሁ ብላ ማልያዋን ከሸሚዟ ሥር ለብሳ መድረክ ወጣች። ልቧ ሜዳው ላይ ስለነበር የተቃራኒውን ወገን ሐሳብ አጥብቃ ደግፋ ወረደች። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። እየሮጠች ሜዳ ስትደርስ ቡድኗ ተሸንፎ መረቡ እየተጠቀለለ ነበር። ተማሪዎቹ «ፊሽካ» የሚሏቸው አሰልጣኝ አልተቆጧትም። «ስንጠብቅሽ ነበር» አሏት ብቻ። ቢቆጧት በተሻላት ነበር።

ሰኞ ደግሞ የኬሚስትሪ ፈተና ተመለሰ። ግማሹን እንኳ አላገኘችም። ከትምህርት ቤት ስትመለስ ፊቷን ያየች እናቷ መታጠቢያው ላይ አጋደመቻትና ፀጉሯን ታጥባት ጀመር።

«እስቲ ንገሪኝ፤ ማመልከቻ የሚባል ነገር ባይኖር የቱ ጋ ትሄጂ ነበር?»

ንቢት አረፋ እንዳይገባባት ዓይኗን ጨፍና፣ «መረብ ኳስ» አለች።

«ሌላውስ?»

«ሌላው ለእነሱ ነው።»

«እነሱ እነማን ናቸው?»

«እኔ እንጃ፤ አላውቃቸውም።»

እናቷ ሳቋን ለቀቀችው። ንቢትም ስታለቅስ ቆይታ አብራት ሳቀች።

በማግስቱ ክበቦቹን ልትሰናበት ሄደች። የክርክሩ ልጆች ትንሽ ቅር አላቸው። የሙዚቃው መምህር ግን ገና ሳትጨርስ፣ «እግዜር ይባርክሽ፣ በርቺ!» አሏት። የድምጿን ነገር ራሷም ስለምታውቀው አልከፋትም።

መረብ ኳስ ላይ የንቢት ሥራ ኳሱን ለመቺዎች ማመቻቸት ነበር። ከእሷ ተቀብላ የምትመታው «ረጅሟ» የሚሏት ጓደኛዋ ነች፤ እሷም ኬሚስትሪ ከብዷታል። ከልምምድ በኋላ ላባቸው ሳይደርቅ አግዳሚው ላይ ተቀምጠው ማጥናት ጀመሩ። ረጅሟ «ለምን?» ባለች ቁጥር ንቢት ገብቶኛል ያለችው ነገር እንዳልገባት እየታወቃት፣ ሁለቱም ከሥሩ ይጀምሩታል። ውጤታቸው ቀስ እያለ ቀና አለ።

በዓመቱ ለሁለት ዩኒቨርሲቲዎች አመለከተች። በመጀመሪያው ቃለ መጠይቅ ላይ መነጽር ያደረጉ ሴትዮ ማመልከቻዋን ገልበጥ ገልበጥ አድርገው፣ «ያለሽ መረብ ኳስ ብቻ ነው?» አሏት።

«አዎ። ኳስ አመቻቻለሁ፤ የምትመታዋ ሌላ ልጅ ናት።»

«ጭብጨባው ለእሷ ሲሆን አያናድድሽም?»

«ድሮ ያናድደኝ ነበር። አሁን ስትመታው እኔ እጅ ላይ ይሰማኛል።»

ሴትዮዋ ፈገግ አሉ፤ ዩኒቨርሲቲው ግን አልተቀበላትም። ሁለት ቀን አኮረፈች። ሁለተኛ የመረጠችው ዩኒቨርሲቲ ሲቀበላት ግን ዘላ እናቷን ስታቅፍ መስተዋቱ ሥር የነበረውን የቅባት ብልቃጥ ሁሉ አረገፈችው። ረጅሟም ያ ዩኒቨርሲቲ ባለበት ከተማ የመምህራን ኮሌጅ ገባች።

ዛሬ ንቢት ፋርማሲ ሁለተኛ ዓመት ነች። የዩኒቨርሲቲው ቡድን ውስጥ ገና ተቀያሪ ብትሆንም ልምምድ አታስቀርም። ለእረፍት ስትመጣ እናቷ ደንበኞቿን፣ «ልጄ ሐኪም ልትሆን ነው» ትላቸዋለች።

«እማ፣ ፋርማሲ እኮ ነው!»

«ያው ነው» ትላለች እናት፣ ፎጣውን እያራገፈች። «ሁሉም ነጭ ጋውን ነው የሚለብሰው።»